የአምበርድ ምሽግና የቫህራማሸን ቤተ ክርስቲያን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አርመንያን ለመጎብኘት የሚያስቡ ወይም ስለ አገሪቱ ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች ስለ አምበርድ ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አምበርድ ምንድን ነው? የሚገኘውስ የት ነው?

አምበርድ በአርመንያ ሪፐብሊክ፣ በአራጋትሶትን ክፍለ ሀገር፣ በአራጋትስ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ የሚገኝ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ የአምበርድና የአርካሸን ወንዞች ቆርጠው ባወጡት፣ ሁለት ጎኑ ገደል በሆነ አፍንጫ መሰል ተረተር ላይ ተቀምጧል። በቅርብ ያለው የታወቀ መንደር ቢዩራካን ሲሆን ምሽጉ ከዋና ከተማዋ ከየሬቫን በመኪና ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

በአምባው ላይ ዛሬ ጎልተው የሚታዩት የመኳንንቱ መኖሪያ የነበረው የግንብ ቤት ፍራሽ፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የውጪው ቅጥር ቅሪት እና በ1026 የታነጸው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በአሠሪው ስም ቫህራማሸን ተብሎ ይጠራል። ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ከምሽጉ ውጪ ያለ ሌላ ቦታ አድርጎ ያስበዋል፤ ነገር ግን ከግንቡ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ፣ በዚያው በተመሸገው አምባ ላይ ያለ በመሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃል።

አራጋትስ እና አራራት አንድ ተራራ ናቸው?

አይደሉም። ስማቸው ስለሚመሳሰል በየጊዜው ይምታታሉ። የኖኅ መርከብ ያረፈበት እንደሆነ የሚነገርለት፣ 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው የአራራት ተራራ ዛሬ የሚገኘው በቱርክ ግዛት ውስጥ ነው። አራጋትስ ደግሞ በአሁኑ የአርመንያ ድንበር ውስጥ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ሲሆን አራት ጫፎች አሉት፤ ትልቁ ጫፍ 4,090 ሜትር ይደርሳል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከአራጋትስ ተዳፋት ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው አራራት ከሜዳው ማዶ በበረዶ ተሸፍኖ ይታየዋል።

ምሽጉንና ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው ማን ነው?

የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ግልጽ ነው። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ያሠራው መስፍን ቫህራም ፓህላቩኒ መሆኑን የሚናገር ሲሆን የሚሰጠው ዓመትም 1026 ነው። አርመኖች በራሳቸው የዘመን አቆጣጠር 475 ይሉታል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 1018 ዓ.ም. ግድም መሆኑ ነው።

ምሽጉን ግን አንድ ሰው በአንድ ዘመን የገነባው አይደለም። ቦታው አስቀድሞ ካምሳራካን በሚባሉት መሳፍንት እጅ እንደነበረ ይነገራል። በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን አርመንያን ይገዙ በነበሩት የባግራቱኒ ነገሥታት ዘመን ወደ ፓህላቩኒ ቤተሰብ ተላለፈ፤ እነርሱም ቅጥሩን አጠናክረው የዘመናቸው ታላቅ ምሽግ አደረጉት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ቫቹትያን የሚባሉት መሳፍንት ያዙት። ስለዚህ ዛሬ የሚታየው ግንብ የበርካታ ትውልዶች እጅ ያረፈበት ነው።

ቫህራም ፓህላቩኒ ማን ነበር?

ቫህራም የአርመንያ የጦር አበጋዝ ነበር። ሕይወቱን ማወቅ ምሽጉንም ቤተ ክርስቲያኑንም ለመረዳት ይጠቅማል፤ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ሁለት ፊት ናቸውና። ዛሬ ጊዩምሪ ከሚባለው ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውንና ሥራው ከ988 እስከ 1029 የቆየውን ታላቁን የማርማሸን ገዳም ያሳነጸውም እርሱ ነው። የአምበርድ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው የማርማሸን ግንባታ ሊጠናቀቅ በተቃረበባቸው ዓመታት ነበር።

በ1041 ንጉሥ ሆቭሃንስ ስምባት ሲሞት መንግሥቱ ከባድ ፈተና ላይ ወደቀ። ንጉሡ በሕይወት ሳለ ከሞቱ በኋላ ዋና ከተማዋ አኒ ለቢዛንታይን እንድትሰጥ ቃል ገብቶ ነበርና ቢዛንታይኖች ቃሉ እንዲፈጸምላቸው ጦር ላኩ። የአኒን መከላከያ መርቶ የመለሳቸው ቫህራም ነው፤ ከዚያም ገና ወጣት የነበረውን ዳግማዊ ጋጊክን በዙፋኑ ላይ አስቀመጠ። ይሁንና ጋጊክ ወደ ቁስጥንጥንያ ተጠርቶ ሄዶ በዚያው ስለተያዘ አኒ በ1045 በቢዛንታይን እጅ ገባች። ቫህራም ራሱ በእነዚያው በ1040ዎቹ ዓመታት በድቪን አቅራቢያ በተደረገ ጦርነት ከልጁ ከግሪጎር ጋር ወደቀ።

የወንድሙ ልጅ ግሪጎር ማጊስትሮስም የጦር መሪ ሆኖ ሳለ የፕላቶንን ድርሳናትና የኤውክሊድን ጂኦሜትሪ ወደ አርመንኛ የተረጎመ ሊቅ ነበር። የአምበርድ ጌቶች ሰይፍና ብዕር፣ ቅጥርና መቅደስ በአንድ ቤት ያኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ሳያውቁ ፍርስራሹን ብቻ አይቶ መመለስ ትልቁን ነገር ማጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦታው ለምሽግነት የተመረጠው ለምንድን ነው?

የመሬቱ አቀማመጥ የሥራውን ግማሽ ስለጨረሰላቸው ነው። በሁለቱም ጎን ያሉት ሸለቆዎች እጅግ ጥልቅ በመሆናቸው ጠላት ከዚያ በኩል ተንጠላጥሎ ቢወጣ እንኳ ብዛቱ አይጠቅመውም። በእርግጥ የሚያሰጋው አምባው ከተራራው ጋር የሚገናኝበት የላይኛው ወገን ብቻ ነበርና ዋናው ግንብና ማማዎቹ የቆሙት በዚያው ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑና የመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ከግንቡ በስተ ጀርባ፣ ሁለቱ ሸለቆዎች እየተቀራረቡ በሚሄዱበት በኩል፣ በተጠበቀው ስፍራ ተቀመጡ።

ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ከአምባው ላይ ሆኖ የአራጋትስን ደቡባዊ ተዳፋትና ከሥሩ የተዘረጋውን የአራራት ሜዳ መቃኘት ይቻላል። በበጋ ከብት ወደ ተራራው የግጦሽ መሬት የሚወጣውም በዚሁ አካባቢ ስለነበር አምበርድን የያዘ ሰው የደጋውን ሀብትና የቆላውን መንገድ በአንድ ላይ ይጠብቅ ነበር።

እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ ውኃ ከየት ያገኙ ነበር?

ስለ ማንኛውም አምባ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፤ ቅጥር የቱንም ያህል ቢወፍር የተጠማ ሠራዊት ከሳምንታት በላይ አይከላከልምና። የአምበርድ ሰዎች ለዚህ ሁለት ዓይነት መፍትሔ አበጁ። በሰላሙ ጊዜ ውኃው የሚመጣው ከአራጋትስ የላይኛው ተዳፋት ምንጮች፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ቧንቧ፣ በርካታ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነበር። ምንጮቹ ከምሽጉ ከፍ ያሉ በመሆናቸው ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ከዚያም በማጠራቀሚያ ይያዛል።

ይሁን እንጂ ከበባ የሚያደርግ ጠላት ቧንቧውን ፈልጎ መቁረጡ አይቀርም። ለዚያ ክፉ ቀን ከአምባው ወደ አርካሸን ወንዝ የሚያወርድ የተሸፈነ መንገድ ተሠርቶ ነበር። የተከበቡት ሰዎች በዚህ መንገድ ከጠላት ዓይን ተሰውረው ወደ ወንዙ ወርደው ይቀዱ ነበር። ሸለቆው ገደላማ በመሆኑ እንስራ ተሸክሞ የመመለሱን ድካም መገመት አያዳግትም።

ውኃው ለመጠጥ ብቻ አልዋለም። በግንቡና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል የሚታየው ትንሽ ባለ ጉልላት ሕንፃ መታጠቢያ ቤት ነው። ዝቅ ብሎ ወደ ወለሉ ለተመለከተ ሰው አሠራሩ ግልጽ ይሆንለታል፦ ወለሉ ከሥሩ ክፍት ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ከምድጃው የሚነሣው ትኩስ አየርና ጢስ በዚያ ክፍተት ውስጥ እያለፈ ድንጋዩን ከታች ያሞቀዋል። በረዶ ለወራት በሚቆይበት ተራራ ላይ ይህ የመኳንንቱን የኑሮ ደረጃ ያሳያል። ግንቡም ራሱ ባለ ሦስት ፎቅ መኖሪያ የነበረ ሲሆን በቁፋሮ ከተገኙት ነገሮች መካከል የነሐስ ዕቃዎችና በቀለም ያጌጡ ሸክላዎች ይገኙበታል። ስለዚህ አምበርድን ወታደር ብቻ የሚያድርበት ሰፈር አድርጎ ማሰብ አይገባም።

የቫህራማሸን ቤተ ክርስቲያን አሠራሩ ምን ይመስላል?

ከውጪ ሲታይ አራት ማዕዘን ቅርጽ አለው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን የመስቀል ቅርጽ ይሆናል። ይህን ያስቻለው በአራቱ ማዕዘኖች ላይ የተሠሩት አነስተኛ ክፍሎች ናቸው። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ታችና ላይ ሁለት ደርብ ያላቸው ሲሆን በመስቀሉ ክንዶች መካከል የሚቀረውን ቦታ ይሞላሉ፤ የጉልላቱንም ክብደት ለመሸከም ያግዛሉ።

ከመካከሉ በላይ ክብ መሰል ግንብ ይነሣል፤ በላዩም እንደ ጃንጥላ እየታጠፈ የሚወርድና ጫፉ ሹል የሆነ ጣሪያ አለ። ይህ ዓይነቱ ጣሪያ በዚያ ዘመን አርመንያ ተወዳጅ ነበር። ከዚህ ውጪ ግድግዳዎቹ ብዙ ጌጥ የላቸውም። ጠጋ ብሎ የሚያይ ሰው የሚያደንቀው የድንጋዮቹን መገጣጠም ነው፦ ጥርብ ድንጋዮቹ እርስ በርስ የገጠሙበት መስመር ቀጭን ከመሆኑ የተነሣ በመካከላቸው ያለው ኖራ አይታይም ማለት ይቻላል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አርመኖች ኻችካር የሚሏቸው፣ መስቀል በጥልቀትና በጥንቃቄ የተቀረጸባቸው የቆሙ ድንጋዮች አሉ።

ኢትዮጵያዊ ምእመን በዚህ ቤተ ክርስቲያን ምን ያስተውላል? ጫማ ይወለቃል?

የአርመን ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያንና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበሉ እኅት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የእምነቱ ቅርበት ይህን ያህል ቢሆንም የአገልግሎቱ ልማድ ይለያያል። በአርመን ቤተ ክርስቲያን ጫማ ማውለቅ ግዴታ አይደለምና ተሳላሚው ጫማውን አድርጎ ይገባል። ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብሎ በሦስት የሚከፍለው የእኛ ሥርዓት በዚያ የለም፤ በምሥራቅ በኩል ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ መድረክ ላይ መንበሩ ይቀመጣል፣ በሥርዓቱ ጊዜም መጋረጃ ይጋረድበታል። በግድግዳ ላይ ሥዕል የለመደ ዓይን ደግሞ ባዶ ድንጋይ ያገኛል፤ አርመኖች የሥዕሉን ያህል ክብር የሰጡት ለመስቀል ቅርጽ ነው።

በአምበርድ አካባቢ የሚኖር ሰው ስለሌለ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ከተማ አጥቢያ በየሰንበቱ የሚሰበሰብ ሕዝብ የለውም፤ የሚመጡት ተሳላሚዎች ጧፍ አብርተው፣ ጸልየው ይሄዳሉ። ብዙ አርመኖች ሲወጡ ጀርባቸውን ለመንበሩ ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመዱ ይወጣሉ፤ እንግዳም እንዲሁ ቢያደርግ አክብሮቱን ያሳያል።

መቼና እንዴት መሄድ ይሻላል?

ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ የሸገር ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፤ ብርዱ ግን ፈጽሞ አይገናኝም። በክረምታቸው በረዶ መንገዱን ይዘጋዋል፣ በረዶው እስከ ግንቦት ሊዘልቅም ይችላል። በበጋም ቢሆን ነፋሱ ብርቱ ስለሆነና ጉም በድንገት ስለሚወርድ ሙቅ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

ከየሬቫን እስከ ቢዩራካን ሚኒባስ ይገኛል፤ ከዚያ ወደ ላይ ግን መደበኛ የሕዝብ ማመላለሻ ስለሌለ ታክሲ መያዝ ወይም መኪና መከራየት የግድ ነው። መንገዱ ወደ ካሪ ሐይቅ ከሚወጣው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ምሽጉ ያመራል። በፍርስራሹ ላይ ሲወጡ መጠንቀቅ ይገባል፣ የገደሉ ጠርዝ አጥር የለውምና፤ ልጆች ይዘው የሚሄዱ ወላጆች በተለይ እጃቸውን እንዳይለቁ።

በአቅራቢያው ሌላ ምን ማየት ይቻላል?

ከቀን ጉብኝት ጋር በቀላሉ የሚጣመሩ ቦታዎች ብዙ ናቸው። በቢዩራካን የሥነ ፈለክ ሊቁ ቪክቶር ሃምባርድዙምያን በ1946 የመሠረተው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አለ። የሳግሞሳቫንክና የሆቭሃናቫንክ ገዳማት በካሳኽ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ይገኛሉ፤ በሁለቱም ውስጥ መስፍን ቫቼ ቫቹትያን ያሠራቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የቫቼ ባለቤት ማማኻቱን ያሠራችው የቴገር ገዳምም በዚያው በአራጋትስ ተዳፋት ላይ ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ኦሻካን ነው። የአርመንን ፊደል የቀረጸው ቅዱስ ሜስሮፕ ማሽቶትስ የተቀበረው እዚያ በመሆኑ የራሱ ፊደል ካለው ሕዝብ የመጣ ጎብኚ ሳይሳለመው ቢያልፍ ይቆጨዋል።

አምበርድ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል?

አልተመዘገበም። በአርመንያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የሃግፓትና የሳናሂን ገዳማት፣ የጌጋርድ ገዳምና የላይኛው የአዛት ሸለቆ፣ እንዲሁም የኤጭሚያድዚን አብያተ ክርስቲያናትና የዝቫርትኖትስ ፍርስራሽ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደቆመ ሳለ ምሽጉ ለምን ፈረሰ?

አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ተአምር ብቻ ይተርከዋል። ከእምነቱ ጋር ሳንጋጭ የሚታዩትን ምክንያቶች ማንሣት እንችላለን። የመጀመሪያው የአሠራር ልዩነት ነው። የግንቡና የቅጥሩ ግድግዳ የተሠራው በብዛት በሻካራው ከተጠረበ የባዛልት ድንጋይና ከኖራ ነው፤ ፎቆቹ አንድ ጊዜ ከወደቁ በኋላ ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ከጎን የሚደግፋቸው የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በደንብ በተጠረበ ድንጋይ የተሸፈነና ውስጡ በኖራና በጠጠር የተሞላ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሲሆን ቅስቶቹ፣ የማዕዘን ክፍሎቹና ጉልላቱ አንዱ ሌላውን ያቅፋሉ። አርመንያ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር በመሆኗ ይህ ልዩነት በዘጠኝ መቶና በሺህ ዓመት ውስጥ ብዙ ያመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት አምባውን የያዘ ወራሪ በመጀመሪያ የሚያፈርሰው እንደገና ሊዋጋው የሚችለውን ነገር መሆኑ ነው። ቅጥሩና ማማው ለወራሪው ስጋት ሲሆኑ ቤተ ክርስቲያኑ አያሰጋውም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ጥገና እንደተደረገለትም መዘንጋት የለበትም፤ ዛሬ የምናየው ያለ ማንም እርዳታ እስከ ዘመናችን የደረሰ አይደለም።

አምበርድን ያጠፉት ሞንጎሎች ናቸው?

ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ባጭሩ ይነገራል፤ ታሪኩ ግን ከዚህ ይረዝማል። ምሽጉ በ1070ዎቹ በሰልጁቅ ቱርኮች እጅ ወድቆ ነበር። በ1196 የጆርጂያዋ ንግሥት ታማር የጦር አለቆች የነበሩት አርመናውያኑ የዛካርያን መሳፍንት መልሰው ያዙት፤ ከሦስት ዓመት በኋላም አኒን ነጻ አወጡ። ዘመኑ በእኛ አገር የንጉሥ ላሊበላ ዘመን መሆኑ ነው። በ1215 ቫቼ ቫቹትያን አምበርድን በገንዘብ ገዝቶ የቤተሰቡ መቀመጫ አደረገው።

የሞንጎሎች ወረራ የደረሰው በ1236 ሲሆን ከባዱ ምት ያረፈው ያን ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። ሆኖም አንድ ምሽግ የሚሞተው በእሳት ብቻ አይደለም፤ የሚጠግነው መስፍን፣ ቧንቧውን የሚያጸዳ ሠራተኛና የሚጠብቀው መንገድ ሲጠፋም ይሞታል። ሞንጎሎች ከመጡ በኋላ የአርመን መሳፍንት ኃይል እየከሰመ ሲሄድ ለአምበርድ ይህ ሁሉ ቀረበት፣ አምባውም ተለቀቀ። ስሙ እንደገና በሰፊው የተነሣው በ1936 በሥፍራው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ሲጀመር ነው።

ምሽጉ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው መባሉ ትክክል ነው?

በከፊል ትክክል ነው፤ ጥያቄውን መክፈል ግን ያስፈልጋል። በቦታው ላይ ምሽግ የነበረበት ጊዜ ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመንና ወደ ካምሳራካን መሳፍንት ይወሰዳል። አሁን ቆሞ የምናየው ግንብና ቅጥር ግን በአብዛኛው የሚያያዘው ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው የፓህላቩኒዎችና የቫቹትያኖች ሥራ ጋር ነው። አንድ የጉዞ ጽሑፍ ሰባተኛውን ክፍለ ዘመን ሌላው አሥራ አንደኛውን ሲጠቅስ ብዙውን ጊዜ አንዱ ስለ ቦታው፣ ሌላው ስለ ሕንፃው እየተናገረ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት እንዲህ አያከራክርም፣ ጽሑፉ ከግድግዳው ጋር አብሮ ቆሟልና። ለምሽጉ ተመሳሳይ የምሥረታ ጽሑፍ ስለሌለ ዕድሜው የሚገመተው ከአሠራሩ፣ ከቁፋሮ ግኝቶቹና በየዘመኑ ከያዙት ቤተሰቦች ታሪክ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ አምበርድ የሚጽፍ ሰው አንድ የተረጋገጠ ዓመት ብቻ መጥቀስ ከፈለገ 1026ን መያዝ፣ ዓመቱም የቤተ ክርስቲያኑ እንጂ የግንቡ አለመሆኑን አብሮ መግለጽ አለበት።